ቧንቧ፣ መብራትና የቆንሲል ወረቀት፤ የውጭ አገር ሰዎች የዕለት ኑሮ በሻንጋይ ከተማ

ስለ ሻንጋይ ከተማ የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት በሁዋንግፑ ወንዝ ዳር ስለተደረደሩት የባንክና የንግድ ሕንፃዎች፣ ስለ ኦፒየም ንግድ፣ ስለ ጭፈራ ቤቶችና ስለ ወንበዴዎች ነው። ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል። ነገር ግን በዚያች ከተማ ከ1843 እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ መቶ ዓመት የኖረው የውጭ አገር ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚታጠብበትን ውሃ ከየት ያገኝ እንደነበር፣ ቆሻሻው ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ ማታ መብራቱ በማን እጅ ይበራ እንደነበር፣ ቢከሰስም ማን ይዳኘው እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የምሕንድስና ሙያ ላለው ሰው ግን የአንድ ከተማ ታሪክ ፊት ለፊት ከሚታየው የድንጋይ ግንብ ይልቅ ከመሬት በታች በተዘረጋው ቧንቧና በጓሮ በር በሚገባውና በሚወጣው ነገር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቻይና በኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ በ1842 ዓ.ም. የናንኪንግን ውል ከፈረመች በኋላ ለእንግሊዞች ንግድ እንዲከፈቱ ከተወሰኑት አምስት ወደቦች አንዷ ሻንጋይ ነበረች። ወደቧ የተከፈተው በኖቬምበር 17 ቀን 1843 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንሲል ጆርጅ ባልፎር ነበር። በ1845 ዓ.ም. ነጋዴዎቹ የሚሰፍሩበት መሬት በደንብ ተከለለላቸው። ቦታው በግንብ ከታጠረችው ከነባሯ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኝ ረግረጋማ የወንዝ ዳር ነበር። በ1849 ዓ.ም. ፈረንሣዮች የራሳቸውን ክልል ያዙ፤ በ1863 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰፈሮች ተዋሕደው «ዓለም አቀፍ ሰፈር» የሚባለው ተቋቋመ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት አስተዳደሮች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ይኸውም የቻይና፣ የፈረንሣይና በነጋዴዎች ምክር ቤት የሚመራው የዓለም አቀፉ ሰፈር አስተዳደር ነው።

በመጀመሪያው አሳብ መሠረት ቻይናውያን በውጭ ዜጎች ክልል ውስጥ ቤት ተከራይተው መኖር አልተፈቀደላቸውም ነበር። በ1853 ዓ.ም. «ትንሹ ጎራዴ» የተባለው የዓመፀኞች ማኅበር ነባሯን ከተማ በያዘ ጊዜ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሸሽቶ ገባ። የመሬቱ ባለይዞታዎች በጥድፊያ የእንጨት ቤት እየሠሩ ማከራየት ከጀመሩ በኋላ ደንቡን የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም፤ ኪራዩ ከሻይና ከሐር ንግድ የማይተናነስ ትርፍ ነበረውና። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ የውጭው ሰው በገዛ ሰፈሩ አናሳ ሆኖ ኖረ። በ1935 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በዓለም አቀፉ ሰፈር ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖር፣ የውጭ ዜጎቹ ቁጥር 40,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጃፓናውያን ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ 40 ዓመታት የውጭ አገሩ ሰውና ቻይናዊው የሚጠጡት አንድ ውሃ ነበር፤ እርሱም የሁዋንግፑ ወንዝና የገባሮቹ ውሃ ነው። ወንዙ የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት በመሆኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይፈስሳል፤ የከተማውም ፍሳሽ ሄደ ሲባል ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ተሸካሚዎች በትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ባልዲ አንጠልጥለው ከወንዝ እየቀዱ በየቤቱ ያደርሳሉ። ውሃው በትልቅ የሸክላ ጋን ይገለበጥና ሸብ ተጨምሮበት ጭቃው እስኪዘቅጥ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያም የጠለለው ከላይ ተቀድቶ ይፈላል። ባለጸጋው ነጋዴ በቤቱ የፈረንሣይ ወይን ቢያቀርብም ውሃው ግን ከጀልባ ቀዛፊው ውሃ አይለይም ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው በያንግሹፑ ወንዝ ዳር የተሠራው የውሃ ማጣሪያ ነው። ሥራውን የመራው ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በጁን 29 ቀን 1883 ዓ.ም. ዋናውን መክፈቻ አዙሮ ውሃውን የለቀቀው ታላቁ የቻይና ባለሥልጣን ሊ ሆንግዣንግ ነበር። አሠራሩ በዘመኑ ለንደን ከተማ ከነበረው አይለይም፤ የወንዙ ውሃ በገንዳ ውስጥ ረግቶ ጭቃው ከዘቀጠ በኋላ በአሸዋ ንጣፍ ላይ ቀስ ብሎ እየሰረገ ይጣራና በእንፋሎት ኃይል በሚሠራ መሳቢያ ወደ ከተማው ይገፋል። ይሁን እንጂ የቧንቧው ውሃ መጣ ማለት ውሃ ተሸካሚው ቀረ ማለት አልነበረም። ቧንቧ እስከ ማድቤት የገባላቸው የባለጸጎች ቤቶች ናቸው። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተጠጋግተው በተሠሩት ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ ውሃ የሚቀዳው ከጋራ ቧንቧ ሲሆን፣ የፈላ ውሃ ደግሞ በየመንደሩ ካሉት «የነብር ምድጃ» ከሚባሉት ሱቆች በገንዘብ ይገዛ ነበር። የውጭ አገሩ ሰው ደግሞ የቧንቧውንም ውሃ ሳያፈላ አይጠጣም፤ ጥሬ ሰላጣም አይበላም። በበጋ ወራት የኮሌራ በሽታ በየጊዜው ይነሣ ነበርና ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሰላጣው ነገር ወደ ሌላው ወገን ይመራል። የቧንቧ ውሃ ከገባ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ሰፈሩ ዓይነ ምድር የሚወስድ የፍሳሽ መሥመር አልነበረውም። በየማለዳው ጋሪ ገፊዎች በጓሮ በር እየገቡ የእንጨቱን ባልዲ አውጥተው ይገለብጡና በጀልባ ጭነው ወደ ገጠር ይወስዱታል። ገበሬው ገዝቶ ማሳውን ያዳብርበታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማ ይመጣል። የቻይናን ግብርና ያጠናው አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ኪንግ እንደዘገበው፣ በ1908 ዓ.ም. የሻንጋይ የውጭ ዜጎች ክልል 78,000 ቶን ዓይነ ምድር የመሰብሰብን መብት ለአንድ ቻይናዊ ተቋራጭ በ31,000 የአሜሪካ ዶላር ሸጦለታል። በዚያው ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ቆሻሻቸውን ወደ ባሕርና ወደ ወንዝ ለማፍሰስ ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ የሻንጋይ ማዘጋጃ ቤት ከቆሻሻው ገቢ ያገኝ ነበር። ምክር ቤቱ በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ቤት እንዳይስፋፋ ለረጅም ጊዜ የተቃወመበት አንዱ ምክንያትም ከዚህ የተያያዘ ነው፤ በውሃ የቀጠነውን ገበሬ አይገዛውም፣ ወንዙም ያለ ማጣሪያ አይችለውም። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የተሠሩት በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሥርዓቱ የደረሰው ለአዳዲሶቹ ሕንፃዎች እንጂ ለአብዛኛው ሕዝብ አይደለም።

በመብራት ረገድ ሻንጋይ ከዓለም ከተሞች ወደ ኋላ የቀረችበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የጋዝ መብራት በ1865 ዓ.ም. በራ። በጁላይ 26 ቀን 1882 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ቅስት መብራቶች በወንዙ ዳርና በናንኪንግ መንገድ አካባቢ በሩ። ኤዲሰን በኒውዮርክ የፐርል ጎዳናን ጣቢያ የከፈተው ከዚህ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በሴፕቴምበር 1882 ዓ.ም. መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን በ1893 ዓ.ም. ተረከበና በ1913 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ትልቅ የእንፋሎት ማመንጫ ጣቢያ አቆመ። የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡርም በማርች 1908 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ነገር ግን ሦስት አስተዳደር ባለበት ከተማ አንድ መንገድ ማቋረጥ ብቻውን ችግር ነበር። በፈረንሣዩ ክልል የኤሌክትሪኩ ኃይል 110 ቮልት ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ ሰፈር ወደ እጥፉ ይጠጋል፤ ቤት የለወጠ ሰው አምፖሉንና ማራገቢያውን ይዞ ቢሄድ አይሠራለትም። በሦስቱም ክልሎች የሚነዳ መኪና ሦስት ሰሌዳ ይለጥፋል። በዓለም አቀፉ ሰፈር ከሕንድ የመጡ የሲክ ፖሊሶች ሲቆሙ፣ በፈረንሣዩ ክልል ቬትናማውያን ይቆማሉ። የመንገዱም ስም ሁለት ነው። የውጭው ሰው «ናንኪንግ መንገድ» የሚለውን ቻይናዊው «ትልቁ የፈረስ መንገድ» ይለዋል፤ ለሪክሾ ጎታቹ በእንግሊዝኛ ስሙ ቢጠሩለት ግራ ይገባዋል።

ሪክሾ የተባለው በሰው የሚጎተት ጋሪ ከጃፓን የገባው በ1874 ዓ.ም. ነበር። ጎታቹ የሚከፈለው በመዳብ ሳንቲም ነው። ገንዘቡ ራሱ አንድ ትምህርት የሚፈልግ ነገር ነበር። የቤት ኪራይና ትልልቅ ሒሳብ የሚቆጠረው በቴል ነው፤ የሻንጋይ ቴል ደግሞ የብር ሚዛን እንጂ በእጅ የሚያዝ ሳንቲም አይደለም። ደመወዝና የሱቅ ዕቃ በብር ዶላር ይሰላል፤ ባቡርና ሪክሾ በመዳብ ይከፈላል። የአንዱ ዋጋ በሌላው ሲመነዘር ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። ቴል የተሻረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከባዱን ብር በኪሱ ይዞ መዞር ያልፈለገው የውጭ አገር ሰው ለዚህ ያገኘው መላ «ቺት» የሚባለው ነበር። በክበብ፣ በሱቅ፣ በመጠጥ ቤት በቁራጭ ወረቀት ላይ ይፈርምና ይሄዳል፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቶቹ ተሰብስበው ወደ ቢሮው ይመጣሉ። ፊርማው የሚታመነው መልኩ ስለሚታወቅና የሚሠራበት የንግድ ቤት ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ምክንያት ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ ወጣት ጸሐፊ ጥቂት አልነበረም።

በአገሩ አንድ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው ጸሐፊ በሻንጋይ አሽከር፣ ወጥ ቤት፣ ሞግዚትና ተላላኪ ይቀጥራል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቃላቱ እንግሊዝኛ፣ አሰካኩ የቻይንኛ የሆነ የገበያ ቋንቋ ነው። አብዛኛው የውጭ ዜጋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ቻይንኛ ሳይማር ወደ አገሩ ተመለሰ። ወጥ ቤቱ በየገበያው ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ የተለመደች ድርሻ ለራሱ ያስቀራል፤ አሠሪው ያውቃል፣ ወጥ ቤቱም አሠሪው ማወቁን ያውቃል፤ ድርሻዋ ከልክ ካላለፈች በስተቀር ማንም አይናገርም። በትልቁ የንግድ ቤት ውስጥም ነገሩ ያው ነበር። ከቻይናውያን ነጋዴዎች ጋር የሚዋዋለው፣ ብሩ ንጹሕ መሆኑን የሚመረምረው፣ ለሠራተኛው ዋስ የሚሆነው ኮምፕራዶር የተባለው ቻይናዊ ወኪል ነው። እንግዲህ የቤቱ ቁልፍ በአሽከሩ፣ የንግዱ ቁልፍ በኮምፕራዶሩ እጅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ በወንዙ ዳር በ1868 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ መናፈሻ ለቻይናውያን ዝግ ነበር፤ የነጭ ልጅ ይዛ የምትገባው ሞግዚት ብቻ ትፈቀድ ነበር። መናፈሻውን የሚንከባከበው ማዘጋጃ ቤት ግብር ከቻይናውያን ጭምር ይሰበስባል፤ በምክር ቤቱ ግን እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ አንድም ቻይናዊ አባል አልነበረም። በዚያው ዓመት መናፈሻውም ተከፈተ፤ ሦስት ቻይናውያንም በምክር ቤቱ ተቀመጡ። ይህ የሆነው በቸርነት አይደለም። በሜይ 30 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንድ የእንግሊዝ መኮንን ትእዛዝ ሥር የነበሩ ፖሊሶች በናንኪንግ መንገድ በተሰለፉ ሰዎች ላይ ተኩሰው ተማሪዎችና ሌሎች ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከተማዋ በሥራ ማቆም አድማ ተመታች። የወደብና የፋብሪካ ሠራተኛው ወጣ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ በየቤቱም አገልጋዮች ሥራ ተዉ። የማመንጫ ጣቢያውም ሠራተኞች ከአድማው ገብተው ስለነበር ሥራው በበጎ ፈቃደኞችና በምትክ ሠራተኞች ተያዘ። በጁላይ 6 ቀን የማዘጋጃ ቤቱ የኤሌክትሪክ ክፍል ለቻይናውያን ፋብሪካዎች የሚሰጠውን ኃይል ቆረጠ። የማከፋፈያ ጣቢያ መክፈቻና መዝጊያ የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑ በሻንጋይ በጉልህ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሥራው የሙያ ሥራ ብቻ ነው ብሎ ያምን የነበረ መሐንዲስ በዚያ ጠዋት ምን እንዳሰበ የሚነግረን መዝገብ ቢገኝ መልካም በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በውል የመጣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ዜጋ በቻይና ፍርድ ቤት አይዳኝም ነበር። እንግሊዛዊው በ1865 ዓ.ም. በተቋቋመው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ አሜሪካዊው በ1906 ዓ.ም. በተቋቋመው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ስለዚህ ሰውየውን ከጎረቤቱ የሚለየው በኪሱ ያለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲቀር የሚሆነውን ያዩት በመጀመሪያ ቻይና በ1917 ዓ.ም. ጦርነት ያወጀችባቸው ጀርመኖችና የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዜጎች፣ ቀጥሎም ሩሲያውያን ናቸው። ከአብዮቱ የሸሹት ሩሲያውያን በሺህ እየተቆጠሩ ሲመጡ የቀድሞው መንግሥታቸው ቆንሲሎች በ1920 ዓ.ም. ዕውቅናቸውን ስለተነጠቁ፣ እንደ ማንኛውም ቻይናዊ በአገሩ ሕግ ሥር ወደቁ። መኮንን የነበረው ዘበኛ፣ የባለሥልጣን ሚስት የነበረችው ልብስ ሰፊ ሆነች። እንግሊዞቹ በዚህ ተሸማቀቁ፤ የተሸማቀቁት በሩሲያውያኑ መከራ አዝነው ብቻ ሳይሆን፣ ነጭ ሰው በእጁ ሲሠራ ቻይናዊው እንዳያይ በመፍራትም ነበር።

ከእነዚህ ወረቀት አልባዎች መካከል ለሙያው ታሪክ ልዩ ቦታ ያለው ላዝሎ ሁዴክ ነው። በ1893 ዓ.ም. ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት በነበረችው አገር ተወልዶ በቡዳፔስት የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን ጨረሰ። በጦርነቱ በሩሲያውያን ተማርኮ ወደ ሳይቤሪያ ከተላከ በኋላ አምልጦ በ1918 ዓ.ም. ሻንጋይ ገባ። የተወለደበት መንግሥት ፈርሶ ስለነበር የሚከላከልለት ቆንሲል አልነበረውም። በአንድ አሜሪካዊ ቢሮ ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ በ1925 ዓ.ም. የራሱን ቢሮ ከፈተ። አራት የቻይና ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት የቁጠባ ድርጅት በፈረስ መሮጫው ሜዳ ፊት ለፊት ረጅም ሕንፃ ለማሠራት ሲነሣ ሥራውን የሰጠው ለሁዴክ ነው፤ የሥራ ተቋራጩም ቻይናዊ ነበር።

የሻንጋይ አፈር ወንዝ ያመጣው ለስላሳ ደለል ነው፤ ዓለት ከብዙ ሜትር በታች ነው። ባለሙያዎቹ በአንድ ስኩዌር ሜትር ከ8 ቶን በላይ እንዳይጫን በልምድ ወስነው ነበር። ሕንፃዎች ከቆሙ በኋላ መስጠማቸው የታወቀ ነው። ፋብሪካዎቹ የከርሰ ምድር ውሃ በብዛት ስለሚስቡም መሬቱ ራሱ ይወርዳል፤ ከ1921 እስከ 1965 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2.63 ሜትር ወርዷል። ሁዴክ እጅግ ረጃጅም የጥድ ግንዶች ወደ ደለሉ አስተክሎ በላያቸው ላይ አንድ ወጥ የአርማታ መሠረት ዘረጋ። ግንዶቹ ሸክሙን የሚይዙት ዓለት ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ከአፈሩ ጋር በሚያደርጉት ፍትጊያ ነው። ከመሠረቱ በላይ የክብደቱን መጠን ለመቀነስ ጥንካሬው ከፍ ያለ ብረት ተጠቀመ። ከመሬት በላይ 22 ፎቅ ያለው፣ 83.8 ሜትር የሚረዝመው ፓርክ ሆቴል በ1934 ዓ.ም. ተከፈተና በእስያ ረጅሙ ሕንፃ ሆነ።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው በጦርነቱ ነው። ጃፓን በ1937 ዓ.ም. የከተማዋን የቻይና ክፍል ከያዘች በኋላ በወደቡ ፓስፖርት የሚመረምር ባለሥልጣን ስላልነበረ፣ ከናዚዎች የሸሹ ከ15,000 የሚበልጡ የጀርመንና የኦስትሪያ አይሁድ ቪዛ ሳይጠየቁ ወረዱ። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943 ዓ.ም. የወጣው የጃፓኖች አዋጅ ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ የመጡ «አገር አልባ ስደተኞች» በሆንግኮው ውስጥ በተወሰነ ቦታ እንዲሰፍሩ አዘዘ። «አይሁድ» የሚል ቃል በአዋጁ አልተጻፈም። ከቦታው ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በቪየና ሐኪም ወይም ጠበቃ የነበረው ሰው በአንድ ክፍል ከቤተሰቡ ጋር ታጭቆ፣ ማለዳ የእንጨቱን ባልዲ በበሩ ላይ እያስቀመጠ፣ የፈላ ውሃውን ከነብር ምድጃው ይገዛ ጀመር። ከጎረቤቶቹ ከቻይናውያን ጋር አንድ ቧንቧ ተሰለፈ። በዚያው ጊዜ ቺት ይፈርሙ የነበሩት እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን በክንዳቸው ላይ የአገራቸው ምልክት ያለበት ቀይ ጨርቅ አስረው ከሰነበቱ በኋላ ወደ ማጎሪያ ሰፈር ተወሰዱ። እዚያም የራሳቸውን ውሃ ራሳቸው ተሸከሙ። የልዩ ዳኝነት መብታቸውን መንግሥቶቻቸው በጃንዋሪ 11 ቀን 1943 ዓ.ም. ለቻይና በውል ትተውት ነበር።

ሁዴክ በጦርነቱ ጊዜ የሀንጋሪ የክብር ቆንሲል ሆኖ ተሾመ፤ ወረቀት ያልነበረው ሰው ወረቀት ሰጪ ሆነ ማለት ነው። ስደተኞችንም እንደረዳ ይነገርለታል። በ1947 ዓ.ም. ሻንጋይን ለቆ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሞተ። ሆቴሉ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሻንጋይ የሚበልጠው ሕንፃ አልተሠራም። በ1950 ዓ.ም. አዲሱ የከተማ አስተዳደር ሦስቱን ክልሎች በአንድ ካርታ ለማስፈር ሲነሣ፣ ቀያሾቹ መላዋ ከተማ የምትለካበት ዜሮ ነጥብ አድርገው የመረጡት በፓርክ ሆቴል ጣሪያ ላይ የቆመውን የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ነው።